ባዶው ቱቦ

አምስት ወር የለፋሁበት ሥራ በአንድ ጥያቄ ፈረሰ።

ጥያቄውን የጠየቀኝ የላብራቶሪያችን ኃላፊ ነው። ዲኤንኤ በየዙሩ ያጣራሁበትን ውጤት ስክሪን ላይ ከፍቼ እያሳየሁት ነበር። ዙር 1 ላይ ምንም የለም። ዙር 5 ላይ ትንሽ ብልጭታ አለ። ዙር 8 ላይ መስመሩ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። ዙር 11 ላይ የገጹ አናት ደርሷል። ሳልሞኔላን፣ ማለትም የምግብ መመረዝና ታይፎይድ የሚያመጣውን የባክቴሪያ ወገን፣ ለይቶ የሚይዝ ዲኤንኤ አገኘሁ ብዬ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። እሱ ግራፉን ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «ባክቴሪያ ያልገባበት ቱቦስ ስንት ሰጠ?» አለኝ።

አልለካሁትም ነበር።

በማግስቱ ለካሁት። ዲኤንኤው ላይ የሚያበራ ቀለም አለ፤ ቱቦው ካበራ ዲኤንኤው እዚያ ተይዟል ማለት ነው። ባዶው ቱቦ አበራ። ሳልሞኔላ ካለበት ቱቦ ጋር ሳስተያየው ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ባክቴሪያ የሚይዝ ሞለኪውል እየመረጥኩ መስሎኝ ለካ ፕላስቲክ የሚይዝ ስመርጥ ነው የከረምኩት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ሰው ሳገኝ ወሬዬን የምጀምረው ከባዶው ቱቦ ነው። ዛሬም ከዚያ ልጀምርና እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

ዲኤንኤ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትምህርት ቤት ያየውን ጠመዝማዛ መሰላል ነው። መሰላል የሚሆነው ግን ሁለት ክሮች ሲገናኙ ነው። አንዱን ክር ብቻውን ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ብትተዉት ቀጥ ብሎ አይቆይም። ጥንድ ስለሌለው ከራሱ ጋር ይጣመራል። ክሩ የተሠራው ከአራት ኬሚካዊ ፊደሎች ነው፤ ኤ የምትባለው ፊደል ቲን ትፈልጋለች፣ ጂ ደግሞ ሲን። ክሩ እየታጠፈ ቀለበት ይሠራል፣ ኪስ ይሠራል፣ ጉብታ ይሠራል። የፊደሎቹ ቅደም ተከተል ሲቀየር ቅርጹም ይቀየራል። ከእነዚህ ሁሉ ቅርጾች አንዱ እኛ የምንፈልገው ነገር ላይ ልክክ ብሎ ከተቀመጠ እሱ አፕታመር ይባላል። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል በላቲን «የገጠመ» እንደ ማለት ነው።

ከአፕታመሮች ሁሉ የምወደው በ1992 የታተመውን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ትሮምቢን የተባለ ፕሮቲን ይይዛል። ርዝመቱ 15 ፊደል ብቻ ነው፤ ጂጂቲቲጂጂ ቲጂቲ ጂጂቲቲጂጂ። ከኋላ ወደ ፊት ብታነቡትም ያው ነው። ይኼን ያህል አጭር ነገር አንድ ትልቅ ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል ብሎ ማን ያስባል? ተማሪ እያለሁ መጀመሪያ ሳነበው ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። አሁንም አለ።

አፕታመርን ግን ማንም ቁጭ ብሎ አይነድፈውም። የሚገኘው በማጣራት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሃሉ ላይ 40 ፊደል እንደመጣ የተደረደረበት፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ለማባዛት የሚያገለግል 20፣ 20 ቋሚ ፊደል ያለው ክር ከኩባንያ ይታዘዛል። አራት ፊደል በ40 ቦታ ሊደረደር የሚችልበት መንገድ ከአንድ ቀጥሎ 24 ዜሮ የሚጻፍበት ቁጥር ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እያንዳንዱን ዓይነት አንድ አንድ ብቻ እንያዝ ብንል ክብደቱ 50 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ግማሽ ኩንታል ዲኤንኤ! እኔ ቱቦ ውስጥ የምጨምረው 25 ማይክሮ ግራም ነው፤ በዓይን አይታይም። እሱም ቢሆን 600 ትሪሊዮን ክር ይይዛል። እያንዳንዱ ክር ከሞላ ጎደል ለራሱ ብቻ ነው፤ አምሳያ የለውም።

ይህን ክር ሁሉ ከባክቴሪያው ጋር ታገናኛላችሁ። ያልያዘውን ታጥባላችሁ። የያዘውን በሙቀት አላቅቃችሁ ፒሲአር በሚባለው ዲኤንኤ የመገልበጫ ዘዴ ታባዙታላችሁ። እንደገና ከባክቴሪያው ጋር ታገናኛላችሁ። እንደገና ታጥባላችሁ። አንዳንዱ 8 ዙር ይበቃዋል፣ አንዳንዱ 15 እና 20 ይሄዳል። ዘዴው ሴሌክስ ይባላል።

ለእናቴ ያስረዳኋት በሰፌድ ነው። እናቴ ስንዴ ስታበጥር አይቼ ነው ያደግኩት። መጀመሪያ ወደ ላይ ታነሳዋለች፤ ገለባውን ነፋስ ይወስደዋል። ከዚያ ታንገዋልለዋለች፤ ጠጠሩ ለብቻው ይሰበሰባል። እንክርዳዱ ግን በሁለቱም አይወጣም። ስንዴ ይመስላል፣ እንደ ስንዴም ይከብዳል። እሱን መልቀም የሚቻለው አጎንብሶ በጣት ነው። እንክርዳድ የገባበትን እንጀራ የበላ ሰው ያዞረዋል።

«እንግዲያው የአንቺም ሥራ መልቀም ነው» አለችኝ። አዎ፣ እማ።

ዘዴው የተወለደው በ1990 ነው። በዚያ ዓመት ኦገስት ወር ውስጥ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከር፣ አንድ ሐሳብ አሳተሙ። ኮሎራዶ ውስጥ ክሬግ ቱርክና ላሪ ጎልድ ነበሩ። ቦስተን ውስጥ አንድሪው ኤሊንግተንና ጃክ ሾስታክ። አፕታመር የሚለውን ስም ያወጡት የቦስተኖቹ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን የኮሎራዶው ሙከራ ነው። አንድ ፕሮቲን የሚይዘውን የአርኤንኤ (የዲኤንኤ የቅርብ ዘመድ) ቁራጭ ወስደው ስምንት ፊደሉን በዘፈቀደ ቀያየሩት። ስምንት ፊደል 65,536 ዓይነት ይሰጣል። ከዚያ አጣሩ። በመጨረሻ ሁለት ብቻ ነጥረው ወጡ። አንዱ ተፈጥሮ ራሷ የምትጠቀምበት ነው። ሌላው ከስምንቱ ፊደል በአራቱ የሚለይ ነው፤ ሆኖም እኩል ይይዛል። ማንም ሰው አስቦ አይደርስበትም ነበር። ማጣራቱ ራሱ አገኘው።

ለአንድ ፕሮቲን ማጣራት አንድ ነገር ነው። ለአንድ ሙሉ ባክቴሪያ ማጣራት ሌላ ነው።

የአንድ ሳልሞኔላ ርዝመት 2 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። 500 ያህሉን ጫፍ ለጫፍ ብትደረድሩ አንድ ፍሬ ጤፍ ታክላለች። ቆዳዋ ላይ ግን የሌለ ነገር የለም። የስኳር ሰንሰለት አለ፣ ፕሮቲን አለ፣ የምትዋኝበት ጅራፍ አለ፣ የምትጣበቅበት ፀጉር አለ። አፕታመሩ የትኛውን እንደሚይዝ አስቀድማችሁ አታውቁም። በዚያ ላይ ዲኤንኤ አሉታዊ ኤሌክትሪክ አለው፣ የባክቴሪያውም ቆዳ እንዲሁ። ሁለቱ ይገፋፋሉ። ለማስታረቅ ማግኒዥየም እንጨምራለን።

ደግሞ ባክቴሪያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለችም። ምግብ አግኝታ እየተባዛች ያለች ሳልሞኔላና ሌሊቱን አድራ ምግብ የጨረሰች ሳልሞኔላ ቆዳቸው ይለያያል። ስለዚህ በየዙሩ አንድ ዕድሜ ላይ መያዝ አለባቸው። ጠዋት አዲስ ሾርባ (የባክቴሪያ ምግብ) ውስጥ እጨምራቸውና በየ20 ደቂቃው እየቀዳሁ ድፍርሱን በብርሃን እለካለሁ። ቁጥሩ 0.4 ሲል አወጣቸዋለሁ። እስከዚያ ቢሮ ሄዶ ሌላ ሥራ መሥራት ይቻላል። እኔ ግን እዚያው እቆማለሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሙሉ ባክቴሪያ ላይ ማጣራት ይሠራል። ካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ2008 ሕያው ላክቶባሲለስ ላይ፣ ማለትም በእርጎ ወገን ባክቴሪያ ላይ፣ አጣርተው አፕታመር አግኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ባክቴሪያ ተሠርቷል።

አሁን ወደ ስህተቴ ልመለስ።

የአንድ ዙር ሥራ ይኼን ይመስላል። ዲኤንኤውን 95 ዲግሪ ላይ አሞቀዋለሁ፤ የተጠላለፈው ሁሉ ይፈታል። ከዚያ በቀጥታ በረዶ ላይ፤ እያንዳንዱ ክር የራሱን ቅርጽ ይይዛል። ከባክቴሪያው ጋር 45 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይነቀነቃል። ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ሲሽከረከር ባክቴሪያው ከታች ይረጋል። ዝቃጩ ትንሽዬ ናት፤ ቱቦውን ወደ መብራት ካላነሳችሁት አትታይም። ላይ የቀረውን ፈሳሽ ዝቃጩን ሳልነካ በፒፔት እስበዋለሁ። አጥባለሁ። እንደገና አሽከረክራለሁ። አጥባለሁ። በመጨረሻ 95 ዲግሪ ላይ አሞቅና የላቀቀውን ዲኤንኤ እወስዳለሁ።

ይህን ሁሉ የማደርገው በአንድ ቱቦ ውስጥ ነበር። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። የፕላስቲኩ ግድግዳ ዲኤንኤ ይይዛል። በዙር 1 የያዘው ጥቂት ነው። ሳጥብ ግን ግድግዳው ላይ ያለው አይሄድም። ሳሞቅ ደግሞ ከባክቴሪያው ጋር አብሮ ይላቀቃል። ፒሲአር አድልዎ የለውም፤ የመጣለትን ያባዛል። በዙር 2 ግድግዳ መያዝ የሚወዱት በዙ። በዙር 3 ይበልጥ በዙ። በዙር 11 ቱቦው ውስጥ የቀሩት የፕላስቲክ ሊቃውንት ናቸው። መረጣው በትክክል ሠርቷል። የመረጠው ግን እኔ ያሰብኩትን ሳይሆን እጄ ያቀረበለትን ነው።

ያን ማታ ያልደወልኩለት ሰው የለም። እናቴ ስትመልስ ድምፅዋ ደክሟል። አሟት ክሊኒክ ሄዳ ነበር።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ምን ይላሉ፣ ያው ታይፎይድ ነው።»

እናቴ ባለፉት ዓመታት ስንት ጊዜ ታይፎይድ አለብሽ እንደተባለች ቆጥሬ አልዘልቀውም። ራሷን ሲያማት ታይፎይድ። ድካም ሲሰማት ታይፎይድ። ቁርጥማት ሲጀምራት «ታይፎይድና ታይፈስ ተደርቦ»። ይህን የሚያነብ የአገሬ ሰው ሁሉ ከቤቱ አንድ ሰው ትዝ እንደሚለው እርግጠኛ ነኝ። መድኃኒቱ ይታዘዛል። አንዳንዴ ይሻላታል። አንዳንዴ አይሻላትም፣ ሌላ መድኃኒት ይታዘዛል።

የሚሠራላት ምርመራ ዊዳል ይባላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናን ዊዳል በ1896 ያወጣው ነው። በዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። የሚያየው ግን ባክቴሪያውን አይደለም። ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ ሕመሙ ካለፈ በኋላም ደም ውስጥ ይቆያል። ሌላ የሳልሞኔላ ዘመድ ሲይዘንም ሊሠራ ይችላል። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ደሙ ውስጥ ይህን ይዞ የሚዞር ጤነኛ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል «አለ» ሲል፣ ዛሬ ስላለ ነው ወይስ አምና ስለነበረ? ወይስ የአጎት ልጁ ነው? ሐኪሙም ቢሆን ከዚያች ወረቀት ሊያውቀው አይችልም።

የተሻለው መንገድ የደም ካልቸር ነው፤ ደሙን ምግብ ውስጥ አድርጎ ባክቴሪያው እስኪያድግ መጠበቅ። ቀናት ይፈጃል፣ ላብራቶሪ ይጠይቃል። ያም ሆኖ ከታመሙት ብዙዎቹን ያመልጠዋል። ትኩሳት የያዘው ሰው ደግሞ ቀናት አይጠብቅም። እናቴን «ካልቸር ይሠራልሽ በያቸው» ስላት፣ «እስከዚያ ራሴን ይዤ ልቀመጥ?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። የእናቴ ምርመራና የእኔ ዙር 11 ሕመማቸው አንድ ነው። ሁለቱም «አለ» ማለት ያውቃሉ። «የለም» ማለት አይችሉም። ባዶውን ቱቦ ባዶ ነህ ሊለው ያልቻለ አፕታመር፣ ጤነኛውን ሰው ጤነኛ ነህ ሊለው ካልቻለ ምርመራ በምን ይሻላል?

በሚቀጥለው ሳምንት ከዙር 1 ጀመርኩ።

ሁለተኛው ጊዜ ብዙ ነገር ለወጥኩ። ባጠብኩ ቁጥር ዝቃጩን ወደ አዲስ ቱቦ አዛውራለሁ። ተጣባቂ ቦታ ሁሉ አስቀድሞ እንዲሞላ ሥራ የሌለው ፕሮቲንና ከእርሾ የወጣ አርኤንኤ እጨምራለሁ። ከዙር 2 ጀምሮ ደግሞ ዲኤንኤው ሳልሞኔላ ከማየቱ በፊት ባዶ ቱቦ ውስጥ ይነቀነቃል። ግድግዳው የያዘውን ጥዬ ያልያዘውን እወስዳለሁ። ከዙር 4 በኋላ በኢ ኮላይ በኩል ያልፋል። ኢ ኮላይ የሳልሞኔላ የቅርብ ዘመድ ናት፤ ቆዳቸው ብዙ ነገር ይጋራል። እሷን የያዘውን ሁሉ እጥላለሁ። እንክርዳዱ እዚህ ነው የሚለቀመው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዙር 1 ላይ ይህን አላደርግም። እዚያ እያንዳንዱ ክር አንድ ብቻ ነው። አንዴ ከጠፋ ጠፋ፣ የሚመልሰው የለም። የመጀመሪያው ዙር ላይ እጄ ይለሰልሳል፤ ብዙ ባክቴሪያ፣ ረጅም ጊዜ፣ ጥቂት እጥበት። እየቆየ ሲሄድ ባክቴሪያውን እቀንሳለሁ፣ ደቂቃውን አሳጥራለሁ፣ እጥበቱን አከብዳለሁ። መቼ መጨከን እንዳለበት ማወቅ ከየትኛውም መመሪያ አይገኝም። ዲኤንኤውን በርዝመቱ ለይቶ የሚያሳየው ጄል ላይ ያለው መስመር ይነግራችኋል። መስመሩ ቀጥ ያለና ንጹሕ ከሆነ ደህና ነው። ጭስ መስሎ ከተንዘላዘለ ፒሲአሩን አብዝታችሁታል፤ ወደ ኋላ ተመለሱ።

12 ዙር ሄድኩ። ባዶው ቱቦ ጨለማ ነው። ኢ ኮላይ ትንሽ ብቻ ታበራለች። ሳልሞኔላ ታበራለች። ሳየው አለቀስኩ፤ ምንም አላፍርበትም።

እዚህ ላይ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ። ለዚህ ፀረ እንግዳ አካል መጠቀም አይቻልም ወይ? ይቻላል። ዛሬ በየፋርማሲው የምናየው ፈጣን ምርመራ አብዛኛው በእሱ ነው የሚሠራው። ግን እሱን ለመሥራት ብዙውን ጊዜ እንስሳ ወይም ሕያው ሴል ያስፈልጋል። ሙቀት ካገኘው ይበላሻል፣ ከተበላሸም አይመለስም። ዲኤንኤ ግን ፊደሉን ከላካችሁላቸው በማሽን ይሠሩታል። ደርቆ በፖስታ ይመጣል። ብታሞቁት ቅርጹ ይፈታል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይታጠፋል። መብራት በሚጠፋበት፣ ፍሪጁ የማያስተማምን ጤና ጣቢያ ላስቀምጠው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ይህን ሥራ የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በሕክምና በኩል አፕታመር ገና ብዙ አልሄደም። በ2004 መጨረሻ ለዓይን ሕመም የሚሰጥ አንድ አፕታመር አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ ነበር፤ በኋላ ሌሎች መድኃኒቶች ቀደሙት። በ2023 ሌላ ተፈቀደ፤ እሱም ለዓይን ነው።

ከደም ጋር ግን ነገሩ ከባድ ነው። ደም ውስጥ ዲኤንኤ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ቁጥሩ ነው። የታይፎይድ ሕመምተኛ ደም ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ሕያው ባክቴሪያ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። እኔ የማበራው ቱቦ 100 ሚሊዮን ይይዛል። በዚያ ላይ ታይፎይድን የምታመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ ናት፣ የእኔዋ ግን ታይፊሙሪየም። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ታይፊ ሰውን ብቻ ነው የምትይዘው፣ ቆዳዋም ላይ የእኔዋ የሌላት ካባ አለ። ለተማሪ እጅ የእኔዋ ትሻላለች ተብሎ ነው የተሰጠችኝ። የሠራሁት ነገር እናቴን ነገ ይመረምራል ብል ዋሸሁ።

ቀጥሎ የሞከርኩት ጥሬ ወተት ነው። ሳልሞኔላውን ራሴ ጨምሬበት አፕታመሩ ያገኘው እንደሆነ አየሁ። መጀመሪያ ላይ ብርሃኑ ወረደ። ስቡና ፕሮቲኑ ይጋርዱታል፣ የጨዎቹም ሚዛን ሌላ ነው። በበፈር፣ ማለትም በተመጠነ የጨው ውሃ፣ 10 እጥፍ ሳቀጥነው ተመለሰ። ግን 10 እጥፍ ማቅጠን ማለት ባክቴሪያውንም 10 እጥፍ መቀነስ ነው። አሁን ያለሁት እዚህ ጋ ነው፤ ሳላቀጥን ባክቴሪያውን ብቻ ከወተቱ ለቅሞ የሚያወጣ ነገር እየፈለግኩ ነው። አፕታመሩን ማግኔት የሚስበው ጥቃቅን ፍሬ ላይ ሰክቼ እየሞከርኩ ነው።

ባለፈው እሑድ እናቴ ደወለች። ቡና እያፈላች ነበር፤ ሙቀጫው ይሰማኛል።

«ያ የምትሠሪው ነገር» አለችኝ፣ «የእኔን ደም ቢያይ የለብሽም ይለኛል?»

«ከደም ገና ነው እማ። አሁን ወተት ላይ ነኝ።»

«ወተቱንስ የለበትም ይላል?»

«እሱን መሰለኝ ይላል።»

«እሰይ» አለች። ሙቀጫው ቀጠለ።

ሰኞ ጠዋት 12 ቱቦ ደረደርኩ። ከአንድ እስከ 11 ቁጥር ጻፍኩባቸው። የመጀመሪያው ላይ ቁጥር የለም። ክዳኑ ላይ በጥቁር ማርከር፣ በአማርኛ፣ «ባዶ» ይላል።